ሠላሳ ሰባት ጭስ፣ አንድ ማኅተም

የጅባራ አምባ ነጻ መንግሥት
የርእሰ ብሔሩ ጽሕፈት ቤት
ቁጥር 001/18
ኅዳር 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለኮከቤ
ደብረ ብርሃን

ጉዳዩ፦ ከባድ ሐዘንን ስለ ማሳወቅ

የጅባራ አምባ ነጻ መንግሥት፣ የአገሪቱ ብቸኛ የፕላስቲክ ወንበር ባለፈው ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የኋላ ግራ እግሩ መሰበሩን የሚያስታውቀው በጥልቅ ሐዘን ነው። አደጋው የደረሰው ርእሰ ብሔሩ የመጀመሪያውን የሚኒስትሮች ጉባኤ ለመክፈት በተቀመጡበት ቅጽበት ሲሆን፣ ከርእሰ ብሔሩ ወገብ በቀር በማንም ላይ ጉዳት አልደረሰም። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ሊታወጅ ታስቦ ነበር፤ ሰንደቅ ዝቅ የሚደረግበት ዘንግ ስለሌለን ቀርቷል።

ርእሰ ብሔሩ እኔ ነኝ።

እንደምን ሰነበትሽ እኅት ዓለም? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? እኛ ማርያም ትመስገን ደህና ነን። ገብሱ ታጭዷል፤ ወገቤም እየተሻለው ነው።

በሾፌሩ በምንይሉ በኩል «ሰው የሚያወራው እውነት ነው ወይስ ጋሼ ታመውብኛል?» ብለሽ የጠየቅሽው ደርሶኛል። እውነት ነው፤ አልታመምኩም። የልጄን የሳሌምን ነገር ታውቂያለሽ። አዋላጅ ነርስ እንድትሆን እዚያው አንቺ ዘንድ ያለ ኮሌጅ ተቀብሏታል። ይህን ገደል ምጥ ይዟት በቃሬዛ የወረደች ሴት ሁሉ ሳሌም ተምራ እስክትመለስ ቀን ትቆጥራለች። የጎደለችው አንዲት ወረቀት ናት፤ «ነዋሪያችን ናት» የምትል የቀበሌ ወረቀት።

ከሁለት ዓመት በፊት ወሰን ሲከለል የላይኛው ቀበሌ መዝገብ «እስከ ምሥራቁ ገደል» ብሎ ቆመ። የታችኛው ደግሞ «እስከ ምዕራቡ ገደል» ብሎ ቆመ። በሁለቱ ገደሎች መካከል ያለነው ሠላሳ ሰባት ጭስ፣ ማለትም ሠላሳ ሰባት ቤት፣ አንድ የማርያም ቤተ ክርስቲያን እና ቁጥሩ ያልታወቀ ጭላዳ ከሁለቱም መዝገብ ወጣን። ላይ ስወጣ «የታች ናችሁ»፣ ታች ስወርድ «የላይ ናችሁ» እያሉኝ ዘጠኝ ጊዜ ተመላለስኩ። በዘጠነኛው አንዱ ጸሐፊ ከወረቀቱ ቀና ሳይል «እንግዲህ አባቴ፣ የማንም ካልሆናችሁ የራሳችሁ ናችኋ!» አለኝ።

እሱ መቀለዱ ነው። እኔ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። አገር የሚያስፈልጋት መሬት፣ ሕዝብና ወሰን ነው። ሦስቱም አሉን። ወሰናችንንማ ሁለቱም ጎረቤቶቻችን ራሳቸው ጽፈው አጽድቀውልናል፤ እንዲህ ያለ ወሰን ስንት ታላላቅ አገር ተመኝቶ አጥቶታል!

እሑድ ኅዳር 21 የጽዮን ቅዳሴ እንዳበቃ ከጥዱ ሥር ቆሜ ነጻነታችንን አወጅኩ። ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው። ለበዓሉ ያሰብኩት ሙክት ተጎትቶ ቀረበ። ቄስ ወልደ ጻድቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፦

«መምህር፣ ቢላዎን ይመልሱ፤ ጾም ነው» አሉኝ።

ለካ ኅዳር 15 የገባውን ጾም ንዴቴ አስረስቶኝ ኖሯል። የባሰው ቀጥሎ መጣ። «የነጻነት በዓላችን በየዓመቱ ኅዳር 21 ከሆነ፣ በየዓመቱ ጾም ነው» አሉ። እንግዲህ ይህች አገር እስከ ዕለተ ምጽአት ነጻነቷን በገብስ ቆሎ ታከብራለች። እስካሁን ከነጻነቱ የተጠቀመው ሙክቱ ብቻ ነው።

ጥሩሸዋ ምን አለች ላልሽው፣ ባለቤቴ የአገሪቱ ብቸኛ ተቃዋሚ ፓርቲ ናት። «አገር መሥርተህ ልብህ አበጠ፤ በረቱን ማን ይጠርግልህ?» ብላኛለች። የጓሳውን ሣር የምታስጠብቀው እሷ እንደሆነች ታውቂያለሽ። የሣር አለቃ የሆነው ወንዱ አባ ጌራ ሁሉ ለዘመዱ እየራራ ሣሩን ሲያስበላው ሕዝቡ ተማረረና፣ ሴት ብትሆንም እሷኑ አባ ጌራ ብሎ ሾማት። ጓሳው ሦስት ዓመት ተዘግቷል፤ አንዲት በግ ገብታ አታውቅም፣ የኔም ጭምር። የሣር ሚኒስትርነት ብሰጣት «ሣሩን የዘጋሁት ሚኒስትር ሳልሆን ነው፤ ስትሾመኝ እንዳይከፈት» አለችኝ።

አሁን የምፈልገው ማኅተም ነው። ቀራጯ አንቺ ነሽ። መሐሉ ላይ የጅባራ ተክል ይኑርበት፤ ዙሪያውን «የጅባራ አምባ ነጻ መንግሥት፤ መሥራች መምህር ባስልዮስ» ይበል። ለታሪክ እንዲመች በማያሻማ ቃል ላስፍረው፦ የዚህች አገር መሥራች እኔ ነኝ። ማኅተሙ ሲደርስ የመጀመሪያ ሥራው የሳሌምን ወረቀት ማተም ነው።

ባስልዮስ
ርእሰ ብሔር

ግልባጭ፦ ለማንም። ካርቦን አልቋል።

*

ደብረ ብርሃን
ታኅሣሥ 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሼ ባስልዮስ

«ክቡር» ልበል «ጋሼ» ልበል ግራ ገብቶኝ ብዕሬን ስንት ጊዜ አንሥቼ ጣልኩት። ጋሼ አሸነፈ። እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎስ? ቅቤ ይታሹበት፤ ጾም የሚከለክለው መብላቱን ነው።

ስለ ቆየሁ ይቅር ይበሉኝ። ማኅተም እንዲህ በቀላሉ አይቀረጽም። በእኛ ሱቅ ማኅተም የሚያስቀርጽ ሰው ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ማምጣት አለበት። «ማኅተም የሚያስቀርጸው እኮ ማኅተም የሌለው ነው» ብዬ ብሞግተው፣ አለቃዬ «ደንብ ነው» አለኝ። ዐሥራ አምስት ዓመት ስቀርጽ አንድ ቀን አስቤው አላውቅም፤ ታዲያ የመጀመሪያው ማኅተም ከየት መጣ? ይህን ያሳሰቡኝ እርስዎ ነዎት፤ አሁን ሥራዬን በተቀመጥኩ ቁጥር ያስቀኛል።

ስለዚህ በሱቁ ሳይሆን በቤቴ፣ ከአሮጌ በረባሶ ተረከዝ ቀረጽኩት። ሃያ ዓመት ድንጋይ የረገጠ ጎማ መንግሥትም አያቅተውም ብዬ ነው። የማንም መሥሪያ ቤት ማኅተም እንዳይመስል ሦስት ጊዜ አመሳክሬያለሁ፤ መታሰር አልፈልግም። የሌለ መንግሥት ማኅተም መቅረጽ የሚከለክል ሕግ ፈልጌ አጣሁ። የሚያስብበት ሰው ስላልነበረ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ልንገርዎት፤ አይሳቁብኝ። እንደጨረስኩ ባዶ ወረቀት ላይ አተምኩትና ደጋግሜ አየሁት። በዚህ ከተማ ለስንቱ ቀርጫለሁ! ለማኅበር፣ ለድርጅት፣ ለጽሕፈት ቤት። አንዱም ቀበሌ አላውቅህም ሲለው ተነሥቶ አገር የሆነ የለም። ፊደል ያስቆጠሩኝ እርስዎ ነዎት፤ «ስምሽን ራስሽ ካልጻፍሽው ሌላ ሰው አሳስቶ ይጽፍልሻል» ይሉኝ ነበር። አልረሳሁትም።

ኮሌጁን ጠይቄያለሁ። ምዝገባው የካቲት 13 ይዘጋል። «ማኅተም ያለው የነዋሪነት ማረጋገጫ ታምጣ» አሉኝ። የማን ማኅተም እንደሆነ እነሱ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኳቸውም። ከዚህ የበለጠ ተስፋ አልሰጥዎትም።

እትዬ ጥሩሸዋ በምንይሉ በኩል «የፈለገውን ያትም፤ ልጄን ግን እንዳታሳፍሯት» ብለው ልከውብኛል። ይህን ከማኅተሙ ጋር አብረው ያስቀምጡት።

እኅትዎ ኮከቤ

*

የጅባራ አምባ ነጻ መንግሥት
ቁጥር 014/18
ታኅሣሥ 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለኮከቤ

ማኅተሙ ደረሰ። ሕዝቡ በተራ አየው። ቄስ ወልደ ጻድቅ አሽትተው «የመኪና መንገድ መንገድ ይላል፤ እኛ ጋ መኪና ስለማይደርስ እንደ በረከት እንቁጠረው» አሉ። እጅሽ ይባረክ።

በምንይሉ በኩል ያነሣሽውን ጥያቄ አንድ በአንድ እመልሳለሁ።

ጦር ሠራዊት የለንም፤ አንፈልግምም። ገደሉ ይበቃል።

ብሔራዊ መዝሙሩን እኔው ደረስኩት። ዐሥራ ስምንት አንቀጽ ነው። ሕዝቡ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ በጎቹን ሊያስገባ ሄደ።

ሕዝብ ቆጠራው ተሳክቷል፤ መቶ ስድሳ ሦስት ነን። ከቄስ ወልደ ጻድቅ የክርስትና መዝገብ ላይ ነው የገለበጥኩት። ችግሩ መዝገቡ የያዘው የክርስትና ስም ብቻ መሆኑን ያስተዋልኩት ከጨረስኩ በኋላ ነው። ዐሥራ አራት ወለተ ማርያም፣ ዐሥራ አንድ ኃይለ ሚካኤል አሉን። ግብር ሰብሳቢ ቢመጣ «ወለተ ማርያም!» ብሎ ሲጣራ የአገሪቱ ሴት አንድ ስድስተኛው «አቤት» ይላል። እስካሁን በዓለም ላይ ከዚህ የተሻለ የመከላከያ ስልት አላየሁም።

ስለ ድንበራችን የሰማሽው ወሬ ግን ተጋንኗል። ነገሩ እንዲህ ነው። ራቤል ከተማ ያገባችው ወለተ ኢየሱስ የታመመች እናቷን ልትጠይቅ መጣች። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 4 መሠረት ከገደሉ ውጪ የሚኖር የውጭ ዜጋ ነው። ስለዚህ ቪዛ ልጽፍላት በሩ ላይ ትንሽ አስቆምኳት። ጥሩሸዋ ከሣር ጥበቃ ስትመለስ ደረሰች።

«ወለቴ፣ ምን ትሠሪያለሽ እዚህ ብርድ ላይ?»

«ቪዛ እየጠበቅሁ ነው እትዬ።»

«የምን ቪዛ?»

«እናቴን የማይበት ነው አሉኝ።»

ጥሩሸዋ ወደ እኔ ዞረች። ቪዛውን ከእጄ ተቀበለች፤ አራት አድርጋ አጠፈችው፤ ሲንገጫገጭ የኖረው የበራችን ስንጥቅ ውስጥ ወተፈችው። በሩ ከዚያ ቀን ወዲህ አይንገጫገጭም። አንቀጽ 4 በዚሁ ተሻሽሏል።

አሁን ወደ ዋናው። የሳሌም ፓስፖርት ተዘጋጅቷል። ሽፋኑ የበግ ቆዳ ነው፤ ቄስ ወልደ ጻድቅ እንደ ዳዊት ማኅደር አድርገው ሰፉት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በእጄ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «ይህን ይዛ የመጣችውን ሳሌም ባስልዮስን ሠላሳ ሰባቱም ጭስ ያውቃታል። ስትወለድ ነበርን፤ ስታድግ አይተናል። በሄደችበት እንደ ሰው እንድትቆጠር እንለምናለን።» የሠላሳ ሰባቱም ቤት ሰው ፈርሟል፤ መጻፍ ያልቻለ በጣቱ። አንዲት የሰማንያ ዓመት ሴት አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ውስጥ ነክረው «የኔ ይበልጥ ይታይ» ብለው ሁለት ጊዜ ተጫኑት። ጥሩሸዋ በመጨረሻ ፈረመች፤ ተቃውሞዋን እንደያዘች።

ገና በዋለ በሦስተኛው ቀን ከምንይሉ ጋር ትመጣለች። ተቀበያት።

ባስልዮስ
ርእሰ ብሔርና ለጊዜው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር

*

ደብረ ብርሃን
ጥር 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሼ ባስልዮስ

ይህ ሦስተኛው ወረቀት ነው። በመጀመሪያው «ተመዝግባለች» ብዬ ጻፍኩና ቀደድኩት። በሁለተኛው «ነገ ተመለሺ ብለዋታል» ብዬ ጻፍኩ፤ እሱንም ቀደድኩት። ሳሌም ደህና ናት፤ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ቤቴን አጽድታ ጨርሳ የጎረቤቴን ጀምራለች። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ቀጥሎ ያለውን ተረጋግተው እንዲያነቡት ነው።

«ኮሌጁ ፓስፖርቱን ምን አለው?» ብለው በምንይሉ በኩል ሁለት ጊዜ አስጠይቀዋል። አብሬያት ነበርኩ፤ ያየሁትን ልንገርዎት።

መዝጋቢዋ እስከዳር የምትባል ልጅ እግር ሴት ናት። ፓስፖርቱን ተቀብላ አገላበጠችው።

«የየት ቀበሌ ነው?»

«የጅባራ አምባ መንግሥት ነው» አለች ሳሌም።

«መንግሥት?»

«አዎ። አባቴ ርእሰ ብሔሩ ነው።»

«እናትሽስ?»

«ተቃዋሚ ናት።»

እስከዳር ሳቀች፤ ባልደረቦቿን ጠራች፤ ቢሮው ሁሉ መጣ። አንዱ ፊርማዎቹን ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ፣ ሌሎቹ ይስቃሉ። ጣት የተጫነበት ገጽ ላይ ሲደርስ ግን ድምፁ ቀነሰ። ያቺ ሁለት ጊዜ የተጫነችው አውራ ጣት ላይ ሁሉም አጎነበሱ። ጋሼ፣ በማኅተም ተኮፍሶ የሚውል ቢሮ ለአንዲት አውራ ጣት ሲያጎነብስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«እኔ እዚሁ ከተማ ተወልጄ ሠላሳ ሰባት ሰው ቀርቶ ጎረቤቴም አይፈርምልኝ» አለች እስከዳር። «ግን የኔ እኅት፣ ኮምፒዩተሩ ቀበሌሽን ከዝርዝሩ ምረጪ ነው የሚለው። ያላገኘውን አያሳልፍም። እኔ የማደርገው ቦታሽን እስከ የካቲት 13 መያዝ ብቻ ነው።» ፓስፖርቱን በሁለት እጇ መለሰችላት።

ሳሌም እዚያ አላለቀሰችም። ደረጃው ላይ ስንደርስ ነው ቁጭ ያለችው። «አክስቴ፣ ለአባዬ እንዳትነግሪው፤ ይሰበራል» አለች። ቀጥላ «ወንበሩም ተሰብሯል» ብላ ሳቀች፤ እየሳቀች አለቀሰች። እንዳልነግርዎት ምዬላት ነበር። መሐላውን ከወረቀቶቹ ጋር ቀድጄዋለሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ኮከቤ

*

ጅባራ አምባ
ጥር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለኮከቤ

ይህ ደብዳቤ ቁጥር የለውም። ቁጥር ለመስጠት ልብ አልነበረኝም።

የላክሽውን ለጥሩሸዋ አነበብኩላት። ከጓሳ ገመድ እየገመደች ነው የሰማችኝ፤ እጇን አላቋረጠችም። ስጨርስ «ጣቱ ጋ ያለውን ድገምልኝ» አለች። ደገምኩላት። ገመዱን ይዛ ወጣች፤ የተሰበረውን ወንበር እግር ታስርበት ጀመር። «አገርህ ባይሠራ ወንበርህ ይሥራ» አለችኝ። ከነጻነት ወዲህ ተቃዋሚው ለመንግሥት ያደረገው የመጀመሪያው ድጋፍ ነው።

በምንይሉ በኩል ጥምቀትን እንዴት ዋላችሁ ላልሽው በደስታ ነው። በማግሥቱ የሆነውን ግን ስሚ።

ዘንድሮ ላይም ታችም ሣር የለም። የነሱ ግጦሽ ድንጋዩ ብቻ ነው የቀረው። የእኛ ጓሳ ደግሞ ደረት ላይ ደርሷል፤ ንፋስ ሲነካው ከሁለቱም ቀበሌ ይታያል። ታዲያ በቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ሰዉ ገና ከቅዳሴ ሳይበተን፣ በምሥራቁ ገደል የላይኛው ሊቀ መንበር፣ በምዕራቡ ገደል የታችኛው ሊቀ መንበር እያለከለኩ ብቅ አሉ። አንዱ ሌላውን ሲያይ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ዋጡ።

«ወገኖቻችን! ድሮም የእኛው ናችሁ እኮ» አለ የላዩ።

«እንዴት ተደርጎ? እነሱ ከአያት ከቅድመ አያት የእኛ ናቸው» አለ የታቹ።

ሁለቱም የስማችንን ዝርዝር ይዘዋል! ዘጠኝ ጊዜ ስመላለስ ያልተገኘው ስማችን በሁለት ቅጂ መጣ። በኅዳር የማንም ያልነበርን ሰዎች በጥር የሁለት ሰው ሆንን።

የታቹ ሊቀ መንበር ወደ ጎን ወሰደኝና «ክቡር ፕሬዝዳንት» አለኝ። ኮከቤ፣ አንቺን አልዋሽም፤ ደስ አለኝ። «ለመንግሥትዎ የእውቅና ወረቀት እንጽፋለን፤ እርስዎ ሣሩን ለእኛ ብቻ ይልቀቁልን» አለ። ያ ወረቀት ከተጻፈ የእኛ ማኅተም ከመንግሥት ማኅተም ጎን ያርፋል ማለት ነው። ዕድሜ ልኬን ካርታ ሰቅዬ አስተምሬ፣ አንዲት ነጥብ እንኳ በራሴ እጅ ካርታ ላይ አስቀምጬ አላውቅም። ይኸው ቀረበልኝ።

ግን የእውቅና ወረቀት ኮምፒዩተሩ ውስጥ አይገባም። መንግሥቴ ከታወቀ ሳሌም ከዝርዝሩ ውጪ እንደሆነች የካቲት 13 ያልፋል። መንግሥቴ ከፈረሰ ደግሞ ያ ሁሉ ፊርማ፣ ያ ሁሉ ጣት ለቀልድ ነበር ማለት ነው። መልስ የምሰጥበትን ቀን ለምኜ አስረዝሜአለሁ። ርእሰ ብሔር እንዲህ ሲገጥመው ምን ያደርጋል? በምንይሉ ቶሎ መልሺልኝ።

ባስልዮስ

*

ደብረ ብርሃን
ጥር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ርእሰ ብሔር ምን እንደሚያደርግ አላውቅም፤ ገጥሞኝ አያውቅም። ግን ሣሩ የእርስዎ ነው እንዴ? እነዚያን ሁለት ሰዎች ገደል ያስወጣቸው አዋጁ ነው፣ መዝሙሩ ነው፣ እኔ የቀረጽኩት ጎማ ነው? በጎረቤት የተጠሉ፣ በዘመድ የተቀየሙ፣ ሦስት ክረምት በዝናብ ቆመው የባላቸውን በግ ሳይቀር የመለሱ ሰው ቤትዎ ውስጥ አሉ። ይጠይቋቸው። ወንበሩንም ይልቀቁላቸው፤ የጠገኑት እሳቸው ናቸው።

ደግሞ አንድ ነገር ደብቄዎት ነበር። ማኅተሙን አስተውለው ይዩት። «መሥራች» ከሚለው በኋላ፣ ከስምዎ በፊት፣ አንድ ስም የሚበቃ ባዶ ቦታ ትቻለሁ። እጄ ስቶ አይደለም።

ኮከቤ

*

ጅባራ አምባ
የካቲት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለኮከቤ

አዎ፣ ጠይቄያታለሁ። ላልሽው ሁሉ መልሱ አዎ ነው።

ደብዳቤሽን ይዤ በረት ውስጥ አገኘኋት። «ጥሩሸዋ፣ ምን ይሻላል?» አልኳት። ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር እንዲህ ብዬ የጠየቅኳት መቼ እንደነበር ሁለታችንም ማስታወስ አልቻልንም። መጥረጊያዋን አቀበለችኝ። «አንተ ይህን ጨርስ፤ እኔ ሰዎቹን ላናግር» አለች።

የነነዌ ጾም በተፈታ ማግሥት ሐሙስ፣ ከጥዱ ሥር ተሰበሰብን። በገመድ የታሰረው ወንበር ላይ እሷ ተቀመጠች። ሁለቱ ሊቀ መናብርት ሣር ላይ። እኔ ከኋላ ቆሜ ቃለ ጉባኤ ያዝኩ፤ እጄ የበረት ጠረን ነበረው።

«መጀመሪያ ሰው ይቆጠራል፤ ቀጥሎ ሣር ይታጨዳል» አለች።

«እትዬ፣ ወረቀት ጊዜ ይወስዳል» አለ የላዩ። «ለጊዜው ሣሩን እንጨድና—»

«ሦስት ዓመት የጠበቀ ሣር ሦስት ቀን አያቅተውም። ላምህ ታቅታት እንደሆነ እሷን ጠይቃት።»

የታቹ ሳቀ። ዞረችበት።

«አንተ ደግሞ ባሌን ፕሬዝዳንት እያልክ ራሱን አታዙርብኝ። አንድ ጊዜ ብትለው እሱን ለማብረድ ሳምንት ሙሉ ፈጅቶብናል።»

ኮከቤ፣ ይህ ቃለ ጉባኤ ላይ አልሰፈረም።

«ታዲያ የምትገቡት ለማንኛችን ነው?» አሉ ሁለቱም።

«በዕጣ» አለች። ሣሩ ሲከፈት መደቡን የምንከፋፈለው ድሮም በዕጣ ነው፤ ማንም በዕጣ አኩርፎ አያውቅም። ቄስ ወልደ ጻድቅ ሁለት የጓሳ አገዳ ያዙ፤ አንዱ ቋጠሮ አለው። ቋጠሮው ለታቹ ወጣ። የላዩ ሊቀ መንበር ሊነሣ ጫማውን ፈለገ።

«ወዴት ነው?» አለችው። «ዕጣው ለወረቀቱ ነው። ሣሩን የጠበቅሁት ለከብት እንጂ ለቀበሌ አይደለም። አንድ ቀን የላይ፣ አንድ ቀን የታች ያጭዳል። ከመደቡ ያለፈ ማጭዱን አስቀምጦ ይሄዳል።»

ሰውየው ተመልሶ ተቀመጠ። ቀጥሎ ተነሥቶ እጅ ነሣት። ሠላሳ አንድ ዓመት ስለ አገር ሳስተምር ምን እንደጎደለኝ ያኔ ገባኝ።

በማግሥቱ የታችኛው ቀበሌ ጸሐፊ መዝገቡን በነጠላ አዝሎ ገደሉን ወጣ። «የራሳችሁ ናችኋ!» ያለኝ እሱው ነው። እኔ ዘጠኝ ጊዜ የወጣሁትን እሱ አንድ ጊዜ ቀመሳት፤ ጥሩሸዋ እርጎ ሰጠችው፤ ዓርብ ነው ብሎ መለሰላት፤ ውኃ ሰጠችው። መዝገቡ ላይ መጀመሪያ የሰፈረችው ሳሌም ናት። ከዚያ ሠላሳ ሰባቱም ቤት፣ በክርስትና ስም ሳይሆን በሚጠሩበት። ለዐሥራ አራቱ ወለተ ማርያሞች ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀ።

ቅዳሜ ጥር 30 ሣሩ ተከፈተ። ሙክቱም ታረደ። በነጻነት ዘመኑ በጣም ሰብቶ ነበር።

የሳሌም ወረቀት እዚሁ ፖስታ ውስጥ ናት፤ ከምንይሉ እጅ በቀጥታ ተቀበይ። ማኅተሟ ትንሽ ደብዝዟል፤ ያንቺን የሚያህል እጅ የላቸውም። ለእስከዳር ሰላምታዬን አድርሺ፤ ቦታዋን ስለያዘች እግዜር ይስጥልኝ በያት። ፓስፖርቱን ግን ሳሌም ለማንም አታስረክብ። የበግ ቆዳ ይበረክታል፤ የመጀመሪያዋን ሕፃን የምታዋልድ ዕለት የልጅቷን ስም በሁለተኛው ገጽ ትጻፍበት።

ከዚህ በታች ያለው የመንግሥታችን የመጨረሻ ማስታወቂያ ነው።

ወንድምሽ ባስልዮስ

የጅባራ አምባ ነጻ መንግሥት
ማረሚያ

በቁጥር 001/18 ኅዳር 27 ቀን 2018 ዓ.ም. በወጣው ደብዳቤ ላይ «የዚህች አገር መሥራች እኔ ነኝ» ተብሎ የሰፈረው ስሕተት ነው። አገሪቱ የተመሠረተችው ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ሳይሆን፣ ወይዘሮ ጥሩሸዋ ጓሳውን ዘግታ የመጀመሪያዋን በግ፣ ማለትም የባለቤቷን በግ፣ ከሣሩ ያስወጣችበት ሐምሌ 12 ቀን 2014 ዓ.ም. መሆኑ ተረጋግጧል። ስለዚህ በማኅተሙ ባዶ ቦታ ላይ ስሟ ይቀረጽ፤ ቀጥሎ ያለው «መምህር ባስልዮስ» የሚለውም «ጸሐፊና በረት ጠራጊ» ተብሎ ይነበብ። ሐምሌ 12 ረቡዕ ወይም ዓርብ ካልዋለ በቀር ጾም አለመሆኑን ቄስ ወልደ ጻድቅ አረጋግጠዋል።